የለቃሚዎችን እጅ ያስቆሙ ሰው

ጋሽ በላቸው ማረፋቸውን የነገረኝ አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው። ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ካለችው የጽሕፈትና የኮፒ ቤቴ ደጃፍ ቆሞ፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ፣ «ሰኒ፣ ያ ደራሲሽ አረፉ እኮ። ቦሳ ኪቶ ድንኳን ተጥሏል» ብሎኝ ሄደ። በእጄ የነበረው የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ነበር። «ማጠቃለያ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ደጋግሜ መምታቴን ያወቅኩት ልጁ ራሱ መጥቶ ሲስቅብኝ ነው።

«ደራሲሽ» ማለቱ ልክ ነው። አንዱ ሐኪም አለው፣ ሌላው ጠበቃ አለው፣ እኔ ደግሞ ደራሲ ነበረኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ የእጅ ጽሑፋቸውን በኮምፒዩተር የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። ዶሮ የጫረው የመሰለውን ፊደላቸውን ከኔ ሌላ የሚያነብ ሰው ስላልነበረ፣ አንዳንዴ ለራሳቸውም ሲጠፋባቸው ደውለው፣ «አንቺ ልጅ፣ ባለፈው ማክሰኞ ምን ብዬ ነበር?» ይሉኛል። እኔም ያሉትን አነብላቸዋለሁ። «እንዲህ አልኩ? አይ፣ ሰርዢው» ብለው ስልኩን ይዘጋሉ።

ደራሲ ከመሆናቸው በፊት ቡና ቀማሽ ነበሩ። ቡና ቀማሽ ሲባል ቁጭ ብሎ ሲጠጣ የሚውል የሚመስለው ሰው አለ፤ እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ቀማሽ ግን አይጠጣም። ሲኒዎች በረድፍ ይደረደሩለታል፤ በማንኪያ ቀድቶ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ይምገዋል፣ አፉ ውስጥ ያዞረዋል፣ ከዚያ ይተፋና ወደሚቀጥለው ያልፋል። «የዋጠ አይፈርድም» ይሉ ነበር ጋሽ በላቸው። ይቺን አባባል ከቡናው ይዘዋት ወደ ጽሑፉ መጡ። አንድ ገጽ ደስ ብሏቸው ካነበቡት፣ «ዋጥኩት መሰለኝ፤ እስቲ ሳምንት ይቆይ» ብለው ያስቀምጡታል። አመሉ ግን አልለቀቃቸውም። ሱቄ ሲመጡ ሻይ ባዘዝኩላቸው ቁጥር አንደኛዋን ፉት ሲሏት፣ ፎቶ ኮፒ ሊያስደርግ የመጣው ደንበኛ ሁሉ ምን ፈነዳ ብሎ ይዞራል።

የደራሲ ኑሮ ምን እንደሚመስል ያየሁት በሳቸው ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሥተው፣ ፊታቸውን ታጥበው፣ ከሥራ ሲወጡ ያልመለሱትን ነጭ የቀማሽ ጋዋን ለብሰው መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ። ሰው ሲመጣ ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ «ሥራ ላይ ናቸው» ይላሉ፤ እንግዳው ቢሮ የሄዱ መስሎት ይመለሳል። እሳቸው ከበሩ ሦስት እርምጃ ርቀው ተቀምጠው ሁሉን ይሰማሉ። አራት ሰዓት ሲሆን ጋዋኑን አውልቀው ይሰቅሉታል። ያን ቀን የጻፉት አንድ መስመርም ይሁን አምስት ገጽ፣ አራት ሰዓት አራት ሰዓት ነው።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጆሯቸውን ሊሞሉ ይወጣሉ። ሚኒባስ ይሳፈራሉ፤ የሚሄዱበት ግን የለም። መጨረሻው ድረስ ሄደው በዚያው ይመለሳሉ። ረዳቶቹ ስለለመዷቸው መሐል ላይ፣ ወሬ የሚደምቅበት ወንበር ላይ ያስቀምጧቸዋል። አንድ ቀን ሁለት ሴቶች በተዋሱት ድስት ሲጣሉ ሰምተው፣ የጸቡን መጨረሻ ሳላውቅማ አልወርድም ብለው የዘመድ ቀብር አመለጣቸው። እትዬ ጽጌ አንድ ሳምንት አኮረፏቸው። «ድስቱስ ለማን ተፈረደ?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ወራጅ አለ ብለው እኩል ወረዱ እንጂ! የከፋኝ እኮ እሱ ነው» አሉኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጋሽ በላቸው የጻፉትን ምዕራፍ የሚፈትሹበት አንድ መንገድ ነበራቸው። በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ ሊሙ ገነት ይሄዳሉ። እዚያ በወጣትነታቸው የሠሩበት አካባቢ አንድ የቡና ማበጠሪያ አለ፤ ሠላሳ አርባ ሴቶች በረድፍ ተቀምጠው ከቡናው ውስጥ የተነቀዘውን፣ የጠቆረውንና ጠጠሩን ይለቅማሉ። ከምሳ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ጋሽ በላቸው አዲሱን ምዕራፍ ያነቡላቸዋል። አስተያየት አይጠይቁም። እጃቸውን ብቻ ነው የሚያዩት። እጃቸው መልቀሙን ካላቆመ ምዕራፉ ሞቷል። የቆመበትን ቦታ ግን በእርሳስ ምልክት ያደርጉበታል።

መጀመሪያ ይህን ሲነግሩኝ፣ «ጋሼ፣ ይሄማ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ጅማ ስንት የተማረ ሰው አለ አይደል?» አልኳቸው።

«የጅማዎቹ ወዳጆቼ ናቸው፤ ያዝኑልኛል» አሉ። «የሊሙዎቹን ግን ቀማሽ ሳለሁ ስንት ጊዜ ቡናቸውን ጥዬባቸዋለሁ። እነሱ አያዝኑልኝም።»

እውነትም አላዘኑላቸውም። አንዴ አንዲት ሴት ድንገተኛ እንግዳ መጥቶባት በአንድ ሰዓት ውስጥ ዶሮ ወጥ ሠርታ ስታቀርብ ጽፈው ነበር። ከለቃሚዎቹ ሁሉ ምላስ የሚፈሩት የአዴ ዘይነባን ነው፤ ሠላሳ ዓመት የለቀሙ፣ ለሁሉም እናት የሆኑ ሴት ናቸው። እሳቸው ጣልቃ ገብተው፣ «ማሎ፣ ምነው ጋሽ በላቸው! ሽንኩርቱ ገና አልበሰለም እኮ፤ ጥሬ ልታበላን ነው እንዴ ሴትየዋ?» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ካቦው ረታ ሥራ ተበላሸ ብሎ እየሮጠ መጣ። የተሳቀበትን ሲሰማ እሱም ሆዱን ይዞ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ካቦው ራሱ ወንበር ይዞ ከሚያዳምጡት አንዱ ሆነ።

የመጨረሻው መጽሐፋቸው ዘውዴ ስለምትባል ሴት ነበር። ባሏ አንድ ጠዋት ምንም ሳይላት ወጥቶ አሥራ አንድ ዓመት ይቀራል። እሷ ቤቷን፣ ልጆቿንና ቡናዋን ይዛ ትኖራለች። ለቃሚዎቹ ስድስት ዓመት ሙሉ ከዘውዴ ጋር ኖሩ። ልጇ ሲታመም ዱዓ አደረጉ፤ ስለት የተሳለችም አለች። መጨረሻው ላይ ባልየው ይመለስና በሩን ያንኳኳል። ጋሽ በላቸው እስከዚህ አንብበው ደብተሩን ዘጉ። አዴ ዘይነባ መታገሥ አቅቷቸው፣ «ትከፍትለታለች?» አሉ።

«አትከፍትለትም» አሉ ጋሽ በላቸው።

ሁካታው ተነሣ። በሳምንቱ፣ ጋሽ በላቸው ቤት ቁጭ ብለን ሳለ፣ ሦስት ሽማግሎች ጋቢያቸውን ለብሰው ከሊሙ ድረስ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ሃጂ ከድር፣ አንድ ሸበቶ ቄስና ካቦው ረታ ናቸው። እትዬ ጽጌ ተርበተበቱ፤ ያለቻቸው አንዲት ልጅ ተድራ የሁለት ልጆች እናት ሆናለች። «ግቡ፣ ተቀመጡ» ቢሏቸው፣ «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ።

ሃጂ ከድር ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «የመጣነው ስለ ልጃችን ስለ ዘውዴ ነው» አሉ። «ባልየው አጥፍቷል፤ እኛም አጥፍተሃል ብለነዋል። ግን ሰው ነው። በአላህ ይሁንብዎት፣ በሩን ትክፈትለት። ዋስ እንሆናለን።»

እኔ ሳቄን ለማፈን ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቀጠቅኩ። ጋሽ በላቸው ግን ፈገግ እንኳ አላሉም። ተነሥተው ጫማቸውን አደረጉ፤ ሽማግሌ በነጠላ ጫማ አይነጋገሩትማ። ከዚያ፣ «ሰምቻለሁ። የልጅቷን ሐሳብ ጠይቄ በሳምንቱ መልስ እሰጣለሁ። አሁን ተቀመጡ» አሏቸው።

ያን ሳምንት ጋዋኑ ከላያቸው አልወረደም። ሦስት ጊዜ በሩን ሊያስከፍቷት ሞከሩ። ሽማግሎቹ ሲመለሱ፣ «ጠየቅኳት፤ እምቢ አለች» አሏቸው።

«ምን ብላ?» አለ ካቦው።

«ዝም ብላ።»

ለቃሚዎቹ በዚህ ቂም ያዙ። እንግዲያው መጨረሻውን እንዳያነቡልን አሉ። ችግሩ ጋሽ በላቸው እነሱ ያልሰሙትን ምዕራፍ አያሳትሙም። ማተሚያ ቤቱ ቀን ሰጥቶ ይጠብቃል፤ የሳቸው ዓይን ደግሞ በሞራ እየተሸፈነ ሄዶ ማንበብም መጻፍም አልቻሉም። የመጨረሻውን ምዕራፍ ቤታቸው በቃል ነገሩኝ፣ እኔ በላፕቶፔ መታሁት። «እንግዲህ ካልሰሙት ይቀመጥ» አሉኝ። «ስድስት ዓመት የቆየ ነገር ተጨማሪ ስድስት ዓመት ቢቆይ ምን ይሆናል።» ምን እንደሚሆንማ ሁለታችንም እናውቃለን። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነበር።

አንጀቴን በሉት። እሳቸው ነግረውኝ ጨርሰው ጋደም እንዳሉ፣ እዚያው ቁጭ ብዬ ሌላ መጨረሻ ጻፍኩ። ዘውዴ በሩን ትከፍታለች፤ ባሏ እግሯ ላይ ይወድቃል፤ ጎረቤቱ እልል ይላል። ለአዴ ዘይነባም፣ «በሩ ተከፍቷል፤ ግን ለጋሼ እንዳይነግሯቸው» ብዬ ደወልኩ። ጋሽ በላቸው ለቃሚዎቹ እሺ ማለታቸውን ሲሰሙ፣ «ምን ነካቸው?» አሉ። «ናፍቀውዎት ይሆናል» አልኳቸው። በሕይወቴ ብዙ ውሸት አልዋሸሁም፤ ይቺ ግን እስከ ዛሬ ፊቴን ታቀላዋለች።

ማክሰኞ ዕለት ሊሙ ገነት ሄድን። እኔ ቆሜ ላነብ፣ እሳቸው አጠገቤ የቡና ጆንያ ላይ ተቀመጡ። እጆቹን ማየት ስለማይችሉ አገጫቸውን በከዘራቸው ላይ አስደግፈው ማዳመጥ ያዙ። ቡናው ሲለቀም ድምፅ አለው፤ ፍሬው ጠረጴዛው ላይ ይንሻሻል፣ ጠጠሩ ጣሳ ውስጥ ይወድቃል።

ማንበብ ጀመርኩ። ዘውዴ ተነሣች፣ ወደ በሩ ሄደች። «በሩን ከፈተችለት፤ የት እንደሚቀመጥ ግን አላሳየችውም» ስል ድምፁ ቆመ። ደስ አለኝ። ቀጠልኩ። ባልየው ተንበረከከ፣ እግሯን ሳመ፣ አለቀሰ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ። ጣሳው እንደገና ጠቅ ማለት ጀመረ። ድምፄን ከፍ አደረግኩ። እልልታው ላይ ስደርስ ጠረጴዛው ሁሉ ሥራ ላይ ነበር፤ እንዲያውም አንዷ ጎረቤቷን ውኃ አቀብዪኝ ስትል ሰማሁ። የፈለጉትን መጨረሻ እየሰሙ፣ ቀና ብሎ ያየኝ እንኳ የለም።

ስጨርስ አዴ ዘይነባ፣ «ጋሪዳ፣ ጋሪዳ። ጥሩ ነው» አሉ። የቀዘቀዘ ወጥ የቀረበለት እንግዳ የሚያመሰግንበት ድምፅ ነበር።

ጋሽ በላቸው አገጫቸውን ከከዘራው ላይ አነሡ። «አሁን ደግሞ ሌላውን አንብቢላቸው» አሉኝ።

«የቱን፣ ጋሼ?»

«እኔ የነገርኩሽን።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ መጣል አልሆነልኝም። አወጣሁት። በሳቸው መጨረሻ ዘውዴ በሩን አትከፍትም። ከውስጥ ሆና መንገዱ እንዴት እንደነበር ትጠይቀዋለች። ዝናቡ አግኝቶት እንደሆነ ትጠይቀዋለች። በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ውኃ ታቀብለዋለች። እሱ ይጠጣና ኩባያውን ደፉ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። ይኸው ነው፤ አንድ ገጽ ተኩል አይሞላም። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ አንዲት ፍሬ ቡና ስትነካ አልሰማሁም።

ከዚያ አዴ ዘይነባ ከፊታቸው ያለውን ቡና በሁለት እጃቸው አፍሰው መልሰው ጠረጴዛው ላይ በተኑት። ዕንባቸው ይወርዳል። «ጨካኝ ነዎት፣ ጋሽ በላቸው! ዋላሂ ጨካኝ ነዎት!» ብለው ጮኹባቸው። ቀጥለው ወደ እኔ ዞረው፣ «ድገሚው» አሉኝ።

ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ካቦው ረታ ሰዓት እንኳ አላየም።

ወደ ጅማ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የሰውን ወሬ ሲያዳምጡ ግማሹ መንገድ አለቀ። እንደዚያ የረዘመ መንገድ አላውቅም። መጨረሻ ላይ እኔው ተነፈስኩ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንዴት አወቁ?»

«ነግሬሽ ዝም ካልኩ በኋላም ስትመቺ ቆየሽ» አሉ። «ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አልደከመም።»

«ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልተቆጡኝም?»

«አንድ ሲኒ ብቻውን አይቀመስማ! ያንቺንም አሰልፌ ማየት ነበረብኝ። የኔ ነገር ግትርነት ይሁን እውነት ይሁን በምን አውቃለሁ?» ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። «ሁለተኛ ግን እንዳታደርጊው። የሰው ቃል የሰው ዕቃ ነው፤ ሳያስፈቅዱ አይነኩትም።»

«ሁለተኛ አይለምደኝም።»

«አሁን እኔ ላስፈቅድሽ» አሉኝ። «አንዲት አረፍተ ነገር ስጪኝ።»

ያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር። የፈለጓት «በሩን ከፈተችለት፤ የት እንደሚቀመጥ ግን አላሳየችውም» የምትለውን ነው። «እዚያ ላይ ጸጥ ሲል ሰምቻለሁ» አሉ። «ስድስት ዓመት ስፈልጋት የነበረችው እሷ ናት። ስትጽፊያት ሽማግሎቹን ረስተሽ ዘውዴን እያየሽ ነበር። ከዚያ በኋላ እልልታ አመጣሽና አበላሸሽው።»

«ይውሰዷት» አልኩ።

«እንደዚህ ቶሎ አይደለም። ነገ ራስሽ ልትጽፊ ትችያለሽ፤ ያኔ ትቆጭሻለሽ። እደሪበት።»

አደርኩበትና ሰጠኋቸው። መጽሐፉ የወጣው በዚያ መጨረሻ ነው። ዘውዴ ትከፍታለች፤ ባልየው ደጁን አልፎ ቆሞ ይቀራል፤ ስለ ዝናቡ ትጠይቀዋለች፣ ውኃ ትሰጠዋለች፣ እሱም ጠጥቶ ይሄዳል። ለቃሚዎቹ አለቀሱ። ሃጂ ከድር ግን ደስታቸውን አልቻሉትም። «በሩ እኮ ተከፈተ!» እያሉ ሽምግልናቸው መሥራቱን ለሊሙ ሰው ሁሉ አወሩ።

መጽሐፉ ሲመረቅ የጋሽ በላቸው ዓይን ሞራው ተገፎለት ነበር። አንድ መምህር ተነሥቶ ያቺን አረፍተ ነገር እያነበበ ሩብ ሰዓት አመሰገናቸው። ጋሽ በላቸው ድምፅ ማጉያውን ተቀብለው፣ «ይቺ የኔ አይደለችም» አሉ። «ባለቤቷ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለች። ብትነሣልኝ ደስ ይለኛል።»

ሰው ሁሉ ዘውዴን ማለታቸው መሰለውና አጨበጨበ። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ምንም የማልፈልገውን ነገር መፈለግ ጀመርኩ። ብነሣ፣ እንዴት ልትጽፊያት ቻልሽ ይሉኛል፤ የዓይነ ስውርን ቃል እንደለወጥኩ ሊታወቅብኝ ነው። ፈራሁ። እሳቸው በአዲሱ ዓይናቸው ትንሽ አዩኝና ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ አንስተውብኝ አያውቁም። እኔ ግን ሱቄ መጥተው ሻያቸውን ፉት ባሉ ቁጥር፣ ነገ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ ለሰው እናገራለሁ ስል ሁለት ዓመት አለፈ።

ለቅሶ ቤት ስደርስ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። አዴ ዘይነባና ለቃሚዎቹ በአይሱዙ ተጭነው መጥተዋል። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ ጋሽ በላቸው እያወራ፣ «እኔ የማልረሳት አንዲት አረፍተ ነገር አለቻቸው» ብሎ የኔኑ አረፍተ ነገር በቃሉ አወጣት። አንዲትም ቃል አልሳተም። ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ።

«እሷን የጻፍኳት እኔ ነኝ» አልኩ። «ዓይናቸው በማያይበት ጊዜ ሳላስፈቅዳቸው ነው የጻፍኳት። እሳቸው ግን አስፈቅደውኝ ወሰዷት።»

ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። እትዬ ጽጌ ከፍራሹ ላይ ቀና ብለው አዩኝና፣ ከዕንባቸው መሐል ሳቅ አሉ።

«ተነሣሽ?» አሉኝ። «ስለ መጽሐፉ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር እሳቸው ‹ዛሬ ትነሣ ይሆን?› እያሉ ነበር እኮ ከቤት የሚወጡት።»